ሁለተኛው የእንጨት ሞዴል መርከብ እንዴት ይመረጥ?

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ክቡር አዘጋጅ፣

በትርፍ ጊዜ የእጅ ሥራዎች ዓምዳችሁ ስለ እንጨት ሞዴል መርከቦች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ጀማሪ ሰው የመጀመሪያውን ኪት (የሞዴሉን ክፍሎችና መመሪያውን የያዘ ሳጥን) እንዴት እንደሚመርጥ፣ ምን ምን መሣሪያ እንደሚበቃው፣ በየትኛው ማጣበቂያ ቢጀምር እንደሚሻል የቀረበው ማብራሪያ በጥንቃቄ የተዘጋጀ በመሆኑ የምጨምርበት የለኝም። ብዕር እንዳነሣ ያደረገኝ ጽሑፉ ሊያበቃ ሲል ያለፈበት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የመጀመሪያውን መርከብ የጨረሰ ሰው እጁ ስለተፍታታ ለሁለተኛው ልቡ የፈቀደውን መርከብ መርጦ ይጀምር ይላል። ይህንኑ ምክር ከብዙ ዓመት በፊት እኔም ከአንድ ወዳጄ ተቀብዬ ሠርቼበት ነበር፤ የደረሰብኝንም ለአንባቢዎቻችሁ ማካፈል እንደሚገባኝ ይሰማኛል። ከዚህ ሥራ የሚርቁ ሰዎች፣ እኔ እንዳየሁት፣ አብዛኛዎቹ የሚርቁት በመጀመሪያው መርከብ ሳይሆን በሁለተኛው ነውና።

የእኔ የመጀመሪያ ሥራ በ1፡24 ልኬት (ከእውነተኛዋ 24 ጊዜ አንሳ) የተዘጋጀች ዶሪ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ነበረች። ዶሪ ታችዋ ጠፍጣፋ፣ ጎኗ ጥቂት ሰፋፊ ሳንቃዎች ጠርዝ ለጠርዝ ተደራርበው የሚሠራ ቀላል ጀልባ ናት፤ በሰሜን አትላንቲክ ዓሣ ለማጥመድ በሚወጡ ስኩነሮች (ሁለትና ከዚያ በላይ ምሰሶ ባላቸው የሸራ መርከቦች) ወለል ላይ እንደ ሳህን አንዷ በሌላዋ ውስጥ ተደራርባ ትጓዝ ነበር። እኔም ያለ ብዙ ችግር ጨረስኳት። ሳንቃዎቹ ቅርጻቸው በማሽን ተቆርጦ የመጣ በመሆኑ የእኔ ድርሻ ማጉበጥ፣ ማጣበቅና ማለስለስ ብቻ ነበር። ጀልባዋ መደርደሪያ ላይ ስትቀመጥ ግን ይህ ልዩነት ከአእምሮዬ ጠፍቶ፣ መርከብ መሥራት የቻልኩ መሰለኝ። ሳምንት ሳይሞላ ያዘዝኩት ሦስት ምሰሶ ያለውን፣ 104 መድፍ የተሸከመውን የቪክቶሪን ኪት ነበር። ቪክቶሪ እ.ኤ.አ. በ1759 መሠረቱ ተጥሎ በ1765 ውኃ ላይ የዋለ፣ በ1805 በትራፋልጋር ጦርነት የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን ቆስሎ የሞተበት፣ እስከ ዛሬም በፖርትስማውዝ በደረቅ መትከያ ውስጥ የሚጎበኝ መርከብ ነው። ሥዕሉን ከልጅነቴ ጀምሬ እወደው ነበርና ልቤ የፈቀደው መርከብ እርሱ ለመሆኑ ጥርጥር አልነበረኝም።

አከርካሪውን፣ ማለትም ከፊት እስከ ኋላ የሚሄደውን መሃለኛ እንጨት፣ እንዲሁም በእርሱ ላይ ተሻግረው ለአካሉ ቅርጽ የሚሰጡትን ጎድኖች ገጥሜ እስክጨርስ ድረስ ሥራው ደስታ ብቻ ነበር። ሳንቃ ማልበስ ስጀምር በየጎኑ የመጀመሪያዎቹ አራት ሳንቃዎች በሰላም አረፉ። አምስተኛው ግን አፍንጫው (የመርከቡ የፊት ጫፍ) አካባቢ ሲደርስ የታችኛው ጠርዙ ከጎድኑ ላይ ተነሣ። በትንንሽ ምስማር አስገድጄ አወረድኩት። ስድስተኛው በአምስተኛው ላይ ወጣ፤ ሰባተኛውን ስጫነው መሃሉ ላይ ተሰነጠቀ። አሥረኛው ላይ ስደርስ የአፍንጫው ግራና ቀኝ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ነበር። መመሪያውን ብገልጥ ስለ ሳንቃ ማልበስ ያለው አንድ አጭር አንቀጽ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ሳንቃዎቹን እንደ አስፈላጊነቱ አስተካክሎ ማጣበቅ ነው ከማለት በቀር ሌላ አልነበረውም። ሳጥኑን ዘግቼ ከአልጋ ሥር አስገባሁት፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ወረንጦና ሞረድ አልነካሁም። እጄ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም ብዬ ደምድሜ ነበር፤ መደምደሚያው ስህተት እንደነበር የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ክቡር አዘጋጅ፣ እኔ የምለው ይህ ነው፦ ሁለተኛው ኪት መመረጥ ያለበት በመርከቡ ዝና ሳይሆን ገና ባልተማርነው አንድ ነገር ነው። ያ አንድ ነገር ለእጃችን አዲስ ይሁን፤ የቀረው ሁሉ ግን በመጀመሪያው ሥራ ከለመድነው ብዙ የማይርቅ ይሁን። በቪክቶሪ ሳጥን ውስጥ ለእኔ አዲስ ያልነበረው የማጣበቂያው ጠርሙስ ብቻ ነበር ማለት እችላለሁ። የተጠጋጋ አፍንጫ፣ በሁለት ድርብ የሚለበስ ሳንቃ፣ በሦስት ረድፍ የሚቀረጹ የመድፍ መስኮቶች፣ ሦስት ምሰሶ፣ በመቶ የሚቆጠሩ መዘውሮች፣ ማለቂያ የሌለው ገመድ፣ ከውኃ በታች ያለውን አካል የሚያለብስ መዳብ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ትምህርት ነው፤ አንዱ ሲበላሽ ግን ከሌሎቹ የትኛው እንዳበላሸው ጀማሪ ሊለየው አይችልም።

ለመሆኑ ያ አንድ አዲስ ነገር ምን ቢሆን ይሻላል? ለእኔ መልሱ ግልጽ ነው፤ ጎኑ ለስላሳ የሆነ፣ አፍንጫው የሚጠጋጋ አካል በጠባብ ሳንቃዎች ማልበስ ነው። እንደ ዶሪ ያሉ ጀልባዎች ይህን አያስተምሩም፤ ከዚህ በኋላ የሚሠራ መርከብ ሁሉ ግን ይህን ይጠይቃል። ምሰሶው ቢጣመም ይነቀላል፣ ገመዱ ቢላላ ይቆረጣል፣ መድፉ ቢጠፋ ሌላ ይተካል፤ የአካሉ ቅርጽ ከተበላሸ ግን በላዩ የሚቆመው ነገር ሁሉ ብልሽቱን ይዞ ይኖራል። ስለዚህ ነገሩን በቅርብ ልግለጸው።

የመርከብ አካል መሃሉ ላይ ይሰፋል፤ ወደ አፍንጫው ሲጠጋ ይጠባል። ከወለሉ ጠርዝ እስከ አከርካሪው ድረስ በጎድኑ ላይ የሚለካው ርዝመት መሃል ላይ 100 ሚሊ ሜትር፣ አፍንጫው አጠገብ ባለው ጎድን ላይ ደግሞ 60 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው ሳንቃዎች መሃሉን ለመሸፈን 20 ሳንቃ ያስፈልጋል፤ አፍንጫው ላይ ግን 12ቱ ብቻ ቦታውን ይሞሉታል። ሃያዎቹም ሳንቃዎች እስከ ጫፍ እንዲደርሱ ከተፈለገ እያንዳንዳቸው አፍንጫው ላይ ወደ 3 ሚሊ ሜትር መጥበብ አለባቸው ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ሳንቃውን በሙሉ ስፋቱ ሲያስኬደው፣ ሳንቃው ቦታ ስለሚያጣ ወደ ጎን መታጠፍ ይኖርበታል፤ ቀጭን ሳንቃ ደግሞ በገጹ በኩል በቀላሉ ይጎብጣል እንጂ በጠርዙ በኩል መታጠፍን እምቢ ይላል። አንዱ ጠርዝ ተነሥቶ በጎረቤቱ ላይ የሚወጣውም በዚህ ምክንያት ነው። በእኔ አምስተኛ ሳንቃ ላይ የደረሰው ይኸው ነበር፤ ምስማርም ሆነ ኃይል ሊያርመው የሚችል ነገር አልነበረም።

መድኃኒቱ ከወረቀት ጥብጣብ የበለጠ መሣሪያ አይፈልግም። ጠባብ ወረቀት በየጎድኑ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች ይዘረጋና ሁለቱ ጫፎች በእርሳስ ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተነጥፎ በሳንቃዎቹ ቁጥር እኩል ይከፋፈላል፤ ክፍፍሉም ተመልሶ ወደ ጎድኑ ጠርዝ ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሳንቃ በየጎድኑ ላይ ምን ያህል መስፋት እንዳለበት ጎድኑ ራሱ ይናገራል። ሳንቃውን በአነስተኛ መላጊያ ወይም በስል ምላጭ ከመሃል ወደ ጫፍ እያጠበቡ መሄድ ብቻ ይቀራል። ከስፋቱ ግማሽ በታች ማጥበብ ግን አይመከርም፤ ጫፉ እጅግ ስለሚሾል ማጣበቂያ የሚይዝበት ገጽ አይተርፈውም፤ ልኬቱ ያን ያህል ጠቦ ሲገኝ ሁለት ሳንቃዎች ከአፍንጫው ቀደም ብለው እንዲያበቁና በአንድ ሰፊ ሳንቃ እንዲተኩ ይደረጋል። በመርከቡ የኋላ ጫፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል፤ ልኬቱ ስለሚሰፋ ክፍተቱ በሾጣጣ ሳንቃ እንደ ሽብልቅ ይሞላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚቀድም አንድ ሥራ አለ፤ እርሱን ዘልሎ የሚጀምር ሰው ወረቀቱም አያድነውም። የጎድኖቹ ጠርዝ ሲመጣ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት እየታሸ እንደ መርከቡ ቅርጽ ሰያፍ መሆን አለበት። ማረጋገጫው አንድ ረጅም ቀጭን ሳንቃ ከፊት እስከ ኋላ በጎድኖቹ ላይ አስደግፎ ማየት ነው፤ ሳንቃው የጎድኑን ሙሉ ውፍረት ነክቶ ካረፈ ተስተካክሏል፤ በአንድ ጥግ ብቻ ከነካ ግን ገና ነው። እኔ በአሁኑ ጊዜ ለዚህ ሥራ ብቻ ሁለት ሳምንት የምሰጥ ሲሆን፣ በእነዚያ ቀናት ጠረጴዛዬን የሚያይ ሰው ምንም አዲስ ነገር አያይም።

እንግዲህ ሁለተኛው ኪት ይህን ሥራ የሚያስተምር ከሆነ፣ በሁለት ድርብ የሚለበስ አካል ያለው ቢሆን እመርጣለሁ። በዚህ አሠራር የመጀመሪያው ድርብ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ካለው ለስላሳ እንጨት ይሠራል፤ ስህተቱ በመሙያ ይደፈናል፣ ይታሻል፣ ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ እንደ ዋልነት ካለ ውብ እንጨት የተዘጋጀ፣ 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሚቀጥን ሁለተኛ ድርብ በላዩ ይለበሳል። ሠሪው አንዱን ትምህርት በአንድ መርከብ ላይ ሁለት ጊዜ ይማረዋል ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ልምምድ ደግሞ ከዓይን ይሰወራል። በአንድ ድርብ ብቻ የሚሠራ አካል ይህን ምሕረት አያደርግም። አካሉ በቀለም የሚሸፈን መርከብ መምረጥም ተመሳሳይ እፎይታ ይሰጣል። ቀለም በሚገባ የታሸ የመሙያ ቦታን ይደብቃል፤ እንጨቱ በቫርኒሽ ብቻ የሚታይ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ክፍተት ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል።

ከወጥ እንጨት የተጠረበ አካል ይዘው የሚመጡ ኪቶችም አሉ። ለአብነት ሱልታና የምትባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1767 የተሠራችው አነስተኛ ስኩነር በዚህ መልክ በ1፡64 ልኬት ተዘጋጅታለች። ጎድንም ሳንቃም ሳያስፈልግ አካሉን በቅርጽ መለኪያ እያመሳከሩ መጥረብና ማሸት ነው ሥራው። ይህን መንገድ የሚያወድሱ ልምድ ያላቸው ሠሪዎች አሉ፤ የመርከብን ቅርጽ በእጅ መዳፍ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ የለም ይላሉ፤ አባባላቸውም እውነት አለው። እኔ ግን ለሁለተኛ ሥራ አልመርጠውም። ሳንቃ የማልበሱን ትምህርት ወደ ሦስተኛው ያዘገየዋልና፣ ያን ጊዜ ደግሞ ሰው የሚመኘው መርከብ የበለጠ የከበደ ይሆናል።

ወደ ምሰሶና ገመድ ስንመጣ ቁጥሩን አስቀድሞ ማስላት ይጠቅማል። በጦር መርከቦች ላይ ምሰሶውን ከግራና ከቀኝ ወጥረው በሚይዙት ገመዶች ላይ መርከበኞች የሚወጡበት የገመድ መሰላል ይሠራል፤ እያንዳንዱ እርከን ከእያንዳንዱ ቋሚ ገመድ ጋር በቋጠሮ ይያያዛል። በአንድ ጎን አሥር ቋሚ ገመድና ሠላሳ እርከን ቢኖር 300 ቋጠሮ ነው፤ በሁለቱም ጎን 600፤ ይህም የአንዱ ምሰሶ የታችኛው ክፍል ብቻ ነው። ሦስት ምሰሶ ያለውን መርከብ፣ በየምሰሶው ላይ ከሚቀጠሉት የላይኛ ክፍሎች ጋር፣ አንባቢ ራሱ ያስላው። አንድ ምሰሶ ያላት መርከብ፣ በየጎኑ አራት ገመድና ሃያ አምስት እርከን ቢኖራት፣ በጠቅላላው 200 ቋጠሮ ትጠይቃለች። ሁለት መቶ ቋጠሮ እጅን ያሠለጥናል፤ ሺህዎቹ ግን ገና ያልሠለጠነን እጅ ያሰለቻሉ።

የቋጠሮው ነገር ከተነሣ ስለ ልኬት አንድ ቃል ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነውና። 1፡64 ማለት በእውነተኛው መርከብ ላይ 64 ሴንቲ ሜትር የሆነው በሞዴሉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ቁጥር ባነሰ መጠን የሞዴሉ ክፍሎች ይተልቃሉ። 170 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም መርከበኛ በ1፡24 ልኬት 7 ሴንቲ ሜትር፣ በ1፡64 ወደ 2.7 ሴንቲ ሜትር፣ በ1፡96 ደግሞ 1.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። የመሰላሉ እርከኖች በእውነተኛው መርከብ ላይ 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢራራቁ በ1፡64 ልኬት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ናቸው፤ በ1፡96 ግን ከ3.5 ሚሊ ሜትር በታች ይወርዳሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ ጥቂት ይመስላል፤ በወረንጦ ጫፍ ላይ ግን በሚሠራና በማይሠራ ነገር መካከል ያለ ልዩነት ነው። ስለሆነም ለሁለተኛ ሥራ ከ1፡64 ያልደቀቀ ልኬት ይመረጥ እላለሁ። አንድ ትልቅ መርከብ ሳጥን ውስጥ እንዲገባ ተብሎ በደቃቅ ልኬት ከተዘጋጀ ይልቅ፣ ትንሽ መርከብ በተለቅ ያለ ልኬት የተዘጋጀ ይሻላል። ተገጥሞ ሲያልቅ የሚይዘውን ቦታም መለካት ያስፈልጋል፤ ቪክቶሪ በ1፡72 ልኬት ከአፍንጫው ወደ ፊት ከሚወጣው ተራዳ ጫፍ እስከ ኋላ ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ የመስታወት ሣጥኑ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

ኪት ከመግዛት በፊት መመሪያውን ማንበብ የሚቻልበት መንገድ ካለ፣ በሳጥኑ ክዳን ላይ ያለውን ፎቶግራፍ አንድ ጊዜ ካዩ በኋላ መርሳት ጥሩ ነው። አንዳንድ አምራቾች መመሪያቸውን በድረ ገጻቸው ላይ ለማንም ክፍት አድርገው ያስቀምጣሉ። እኔ መጀመሪያ የምፈልገው ስለ ሳንቃ ማልበስ ስንት ገጽ እንደተጻፈ ነው፤ የምክሩ ጥራት በዚያ ይታወቃል። ቀጥሎ ሥዕሎቹ በሞዴሉ ትክክለኛ መጠን መታተማቸውን አያለሁ፤ እንዲህ ከሆነ ልኬቱ ከሥዕሉ ላይ በቀጥታ ይወሰዳል። እያንዳንዱ ገመድ ከየት ተነሥቶ በየትኛው መዘውር አልፎ የት እንደሚታሰር የሚያሳይ ሥዕል ከሌለ፣ የቀረው ያማረ ቢሆንም እንኳ ያን ኪት እተወዋለሁ። ሳጥኑ እጅ ሲገባ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ አከርካሪው ቀጥ ባለ ማስመሪያ ይፈተሽ። አከርካሪው ጥቂት እንኳ ከተጣመመ አካሉም ተጣሞ ይቀራል፤ ሳንቃ ከለበሰ በኋላ የሚያቃናው የለም።

አሁን ወደ መርከቦቹ ልምጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና እንድጀምር ያደረገችኝ ሸርቦርን የምትባል ከተር (ባለ አንድ ምሰሶ ፈጣን የሸራ መርከብ) ናት። እ.ኤ.አ. በ1763 ውኃ ላይ የዋለች፣ በእንግሊዝ ቻናል የኮንትሮባንድ ጀልባዎችን ትቆጣጠር የነበረች አነስተኛ የጦር መርከብ ስትሆን፣ ኪቷ በ1፡64 ልኬትና በሁለት ድርብ ሳንቃ ይሠራል። አፍንጫዋ እንደ ፖም የተጠጋጋ ነው፤ አጭር ብትሆንም ሳንቃ ለማልበስ ቀላል የሚባል አካል የላትም። ንድፏን ያወጣው ቶማስ ስሌድ ሲሆን፣ ከአልጋዬ ሥር የተዘጋውን ቪክቶሪንም የነደፈው እርሱ ነው። ይህን ያወቅሁት ኪቷን ከገዛሁ በኋላ ነበር፤ የተውኩትን ትምህርት ከዚያው መምህር በአነስተኛ ቅጂ እንደገና የተቀበልኩ ያህል ተሰማኝ። በእርሷ ላይ የወረቀት ጥብጣቡን ተማርኩ። የመጀመሪያው ድርብ አላማረም፤ በመሙያ ደፍኜ አሸሁት። ሁለተኛው ድርብ ላይ ሰባተኛው ሳንቃ አፍንጫው ድረስ ያለ ምስማር፣ ያለ ኃይል፣ በጣት ተጭኖ ብቻ ሲያርፍ መብራቱን አስጠግቼ ረጅም ጊዜ አየሁት። በሳንቃውና በጎረቤቱ መካከል ምላጭ የሚገባበት ክፍተት አልነበረም።

ከገመድ ይልቅ እንጨት ለሚወድ ሰው የባውንቲ መርከብ ጀልባ ጥሩ ምርጫ ናት። እ.ኤ.አ. በ1789 በባውንቲ ላይ ዓመፅ ሲነሣ ካፒቴን ብላይና ከእርሱ ጋር የተባረሩት 18 ሰዎች፣ 7 ሜትር ያህል በምትረዝም ክፍት ጀልባ ከ3,600 የባሕር ማይል በላይ ተጉዘው ቲሞር ደርሰዋል። በ1፡16 ልኬት ስትሠራ ከ44 ሴንቲ ሜትር ብዙም አትበልጥም፤ ክፍሎቿም ለእጅ የሚመቹ ናቸው። የምሰጠው ማስጠንቀቂያ አንድ ብቻ ነው። ክፍት ጀልባ በመሆኗ የአካሏ ውስጥና ውጭ ሁለቱም ይታያሉ፤ የፈሰሰ ማጣበቂያ የሚደበቅበት ወለል የላትም። ሥራው ንጹሕ ለሆነ ሰው ትስማማለች።

ብሉኖዝን ለሁለተኛነት የሚመኙ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም ምኞታቸው ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ ሉነንበርግ ውኃ ላይ የዋለች፣ ዓሣ እያጠመደች በውድድር ዝና ያተረፈች፣ በሀገሯ የአሥር ሳንቲም ገንዘብ ላይ ምስሏ የተቀረጸ ስኩነር ናት። አካሏ በቀለም የሚሸፈን መሆኑ ለጀማሪ ይጠቅማል፤ ሁለት ምሰሶዎቿም ብዙ አያስፈሩም። ነገር ግን ርዝመቷ ከ43 ሜትር በላይ ስለነበር በ1፡64 ልኬት እንኳ 68 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች፤ በዚያ ሁሉ ርዝመት ላይ የሚሄደው የጎን መስመሯ ትንሽ እንኳ ቢዛነፍ ከሩቅ ያስታውቃል። ሦስተኛ ብትሆን ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ የመጀመሪያ ሥራው አፍንጫው የሚጠጋጋ፣ ጎኑ ለስላሳ አካል የነበረ ሰው ግን ሁለተኛው ሊያደርጋት ይችላል። ለዚህ ሰው የሚቀረው አዲስ ትምህርት ምሰሶና ገመድ ነውና።

የዓምዳችሁ ጸሐፊ፣ ሰው የማይወደውን መርከብ ይዞ ወራት ሊቀመጥ አይችልም ብለው ሊመልሱልኝ እንደሚችሉ አስባለሁ። ይህ እውነት ነው፤ እኔም አልክደውም። ሆኖም ፍቅር ከመግዛት በፊት ብቻ የሚመጣ ነገር አይደለም። ሸርቦርንን ከመጀመሬ በፊት ስሟን እንኳ አላውቅም ነበር፤ በሌሊት ያለ መብራት የሚቀዝፉ ኮንትሮባንዲስቶችን እንዴት ታሳድድ እንደነበር፣ ያ ሁሉ ግዙፍ ሸራ በአንድ ምሰሶ ላይ ለምን እንደተሰቀለባት፣ ለፍጥነት ብለው ምን እንደሠዉላት እየተረዳሁ ስሄድ ወደድኳት። ዛሬ ከሠራኋቸው ሁሉ አልቀው የሚታዩኝ መስመሮች የእርሷ ናቸው። ልብ የፈቀደውን ትልቁን መርከብ ደግሞ ማንም አይነጥቀንም፤ እጃችን እስኪደርስለት ድረስ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ሊጠብቀን ይችላል።

ቪክቶሪን በተመለከተ፣ ከሸርቦርን በኋላ ሳጥኑን ከአልጋ ሥር አወጣሁት። የተደራረቡትን ሳንቃዎች ማጣበቂያውን በአልኮል እያራስኩ አንድ በአንድ ነቀልኳቸው፤ ጎድኖቹን እንደገና አሸሁ፤ በየጎድኑ ላይ ወረቀት ዘረጋሁ። ያኔ የወጣው ልኬት አፍንጫው ላይ እያንዳንዱ ሳንቃ ምን ያህል መጥበብ እንደነበረበት አሳየኝ፤ እኔ ግን አንዱንም ሳላጠብ ነበር የለጠፍኳቸው። በአሁኑ ሰዓት የመጀመሪያው ድርብ በሁለቱም ጎን አልቆ የመድፍ መስኮቶቹን እየቀረጽኩ እገኛለሁ።

ዓምዳችሁ ወደዚህ ርዕሰ ጉዳይ የሚመለስ ከሆነ፣ የወረቀት ጥብጣቡ አለካክ በሥዕል ተደግፎ ቢወጣ ለብዙዎች ይጠቅማል የሚል እምነት አለኝ። የሸርቦርንን ጥብጣቦች፣ የየጎድኑ ቁጥር እንደተጻፈባቸው፣ እስካሁን በፖስታ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ዝግጅት ክፍሉ ለሥዕሉ ከፈለጋቸው ልልክላችሁ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው የዘወትር አንባቢ